የምንቆምበት ወለል

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምተን አድገናል። ወለል አፍ እንዳለው የተረዳነው ግን በስደት ነው።

ባለፈው የብርድ ወቅት፣ በጥር ወር በአንዱ ማለዳ፣ በፍራንክፈርት ከተማ ቬስትኤንድ በተባለው ሰፈር በምንኖርበት አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የበራችን እጀታ ሥር በጥንቃቄ የታጠፈች ወረቀት ተሰክታ አገኘን። የጻፉልን ከበታቻችን የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ ጀርመናዊት ነበሩ። ወረቀቷ ስድብም ዛቻም የለባትም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከኮርኒሳቸው በላይ የሚሰማው የእንጨት ጩኸት እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ ሐኪማቸውም ዕረፍት እንዳዘዘላቸው ትገልጽና፣ «ወጣቶች መሆናችሁን አውቃለሁ፤ እኔ ግን አይደለሁም» በማለት ትደመድማለች። ስለ መንግሥታት መቆምና መውደቅ ስንጽፍ የምናነጋ ሰዎች፣ አንዲት አሮጊት ከእግራችን በታች ዓይናቸውን ሳይከድኑ እንደሚያነጉ ለዓመታት አላወቅንም ነበር። ያሳፈረን ይህ ነው።

ጉዳዩ ተራ ሊመስል ይችላል። የኅብረታችን መጽሔት ስለ ሳንቃና ስለ ምስማር እንዲያትት የሚጠብቅ አንባቢ እንደሌለም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያን ወለል ለመጠገን ስንነሣ የገጠመን ነገር ከእንጨት ሥራ የሚያልፍ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለጓዶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በቅድሚያ ቤቱን እናስተዋውቅ። ቬስትኤንድ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት፣ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ውጪ፣ ለነጋዴዎችና ለባንክ ባለቤቶች የተሠራ ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ ፊታቸው ድንጋይ፣ ሆዳቸው እንጨት ነው። ከመንገድ ሲያዩዋቸው ለዘለዓለም የቆሙ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ሲገቡ ግን ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጋደመ የእንጨት ወራጅ፣ በወራጆቹም ላይ በምስማር የተመታ ሳንቃ ነው። በወራጆቹ መካከል ያለው ክፍተት ድምፅና ብርድ እንዲያግድ በአሸዋ፣ በሸክላ አፈር ወይም ከእቶን በወጣ ጥቃጭ ተሞልቷል። እንግዲህ እኛ የምንራመደው አንድ መቶ ዓመት ባለፈው እንጨት ላይ ነው።

እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙት ግን ድንጋያቸው ስለ ጠነከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተማይቱ የባንኮችና የንግድ ቢሮዎች ማእከሏን ወደ ምዕራብ ለማስፋፋት ስታቅድ፣ ነጋዴዎች አሮጌዎቹን ቤቶች እየገዙ ለማፍረስ አዘጋጁ። ዘዴው ቀላል ነበር። ቤቱን ያለ ጥገና ይተዉታል፤ በየክፍሉ ከጣልያን፣ ከስፔን፣ ከቱርክና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠራተኞችን በውድ ኪራይ ያጭቁበታል፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ወለሉ ሲረግብ፣ «ይህ ቤት አርጅቷል፣ ለሰው አይሆንም» ብለው የማፍረሻ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የሰፈሩ ነዋሪዎች በ1969 የተቃውሞ ማኅበር አቋቋሙ። በመስከረም 19 ቀን 1970 ተማሪዎችና ስደተኛ ቤተሰቦች በኤፕሽታይነር ጎዳና ቁጥር 47 ባዶውን ቤት ገብተው ያዙ፤ በምዕራብ ጀርመን ታሪክ የመጀመሪያው የቤት መያዝ እርምጃ እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የኪራይ አድማና የአደባባይ ግጭት ተከታተለ። በየካቲት 1974 ፖሊስ በቦክንሃይመር ላንድ ጎዳናና በሹማን ጎዳና ማእዘን የነበሩትን የተያዙ ቤቶች በኃይል አስለቀቀ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ያን ውጊያ ተሸነፉ፤ ሰፈሩ ግን በሙሉ ሳይፈርስ ቀረ። ዛሬ የምንረግጠው ሳንቃ ከዚያ ትግል የተረፈ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚሁ አገር፣ የእኛም ታላላቆች ነበሩ። መኢሶን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 በሃምቡርግ፣ የኋላው ኢሕአፓ የተመሠረተው ደግሞ በሚያዝያ 1972 በበርሊን መሆኑን ይህን መጽሔት የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። የጀርመን ተማሪዎች ስለሚኖሩበት ቤት ሲታገሉ፣ የእኛ ታላላቆች ስለማይኖሩበት አገር ይታገሉ ነበር። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። እንዲያ ማድረጋቸው ግዴታቸው ነበር። ሆኖም የሚኖሩበትን ክፍል እንደ ባቡር ጣቢያ የመቁጠር ልማድ ከእነሱ ወደ እኛ መተላለፉን መካድ አይቻልም።

የቤታችን ውል የተፈረመው በጋሼ ስም ነው። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም፤ በፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ጋሼ ሲል እሳቸውን ማለቱ ነው። በሱዳን በኩል አድርገው ወደዚህ አገር የመጡት በ1972 ዓ.ም.፣ ቤቱን የተከራዩት ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ነው። ኪራዩ የእኛን አቅም የማይፈትነው ውሉ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ነው። በእነዚህ ከአርባ በሚበልጡ ዓመታት በዚያ ቤት ያለፈውን ተማሪ ቁጥር ጋሼ ራሳቸው አያስታውሱትም። አንዱ ሲመረቅ ሌላው ይተካል። ያልተተካ ነገር ቢኖር ወለሉ ነው። ጋሼ አልጋ ሳይገዙ በፍራሽ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተኝተዋል፤ መጋረጃ የሰቀሉት በአሥራ አምስተኛው ዓመት ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «የሚመጣው ዓመት አገር ቤት ነን።»

ወረቀቷ በደረሰችን ማታ አራታችን ተማሪዎች በትልቁ ክፍል ተሰበሰብን። እንደ ልማዳችን አጀንዳ ተያዘ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመረጠ። ሦስት አቋሞች ቀረቡ። የመጀመሪያው ወፍራም ምንጣፍ ገዝተን እናንጥፍበት የሚል ነበር። ምንጣፍ የእግርን ኮቴ ያፍናል እንጂ የእንጨቱን ጩኸት እንደማያስቆም ኋላ ተረዳን፤ ለጊዜው ግን ርካሽና ሰላማዊ መፍትሔ መስሎ ብዙ ደጋፊ አግኝቶ ነበር። ሁለተኛው አቋም የሕግ ነበር። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 535 አከራዩ የተከራየውን ቤት ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ስለዚህ ደብዳቤ እንጻፍ ተባለ። ጻፍንም። መልሱ አጭር ነበር፦ አሮጌ ቤት ይጮኻል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፤ በራሳችሁ ወጪ ሳታበላሹ ማጥበቅ ከፈለጋችሁ አንከለክልም። ሦስተኛው አቋም ጽንፈኛው ነበር። ወለሉ በሙሉ የበሰበሰ ስለሆነ ከሥሩ ተነቅሎ በአዲስ መተካት አለበት፤ ጥገና ማለት የበሰበሰውን ሥርዓት ዕድሜ ማራዘም ነው የሚል። አቅራቢው ሲናገር የፊቱ ቁም ነገር ከልብ ነበር፤ እኛም ከልብ ተከራከርነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ስንከራከር፣ ስንቆምና ስንቀመጥ፣ ወለሉ በእያንዳንዱ ንግግር መካከል ሲጢጥ ይል ነበር። አሮጊቷ ከበታች ይሰሙን እንደነበረ ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም።

ጋሼ በጥጉ ወንበር ላይ ሆነው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ቆዩና በመጨረሻ፣ «ወረቀቱ የሚመለከተው እናንተን ነው። እኔ ስሄድ ማንም አይሰማኝም» አሉ።

እኛም በአክብሮት፣ «እርስዎ ሌሊት አይነሡማ ጋሼ» አልናቸው።

«ከሦስት ሰዓት በላይ ተኝቼ አላውቅም» አሉን።

ቀጥለውም ተነሥተው ከበሩ እስከ መስኮቱ በካልሲ ተራመዱ። ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰማም። ቀጥ ብለው አልሄዱም። በግድግዳው ጥግ ሦስት እርምጃ፣ አንድ ሰፊ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ጠባብ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጥጉ። በዚያ ክፍል የምንኖረው እኛ፣ በየቀኑ የምንረግጠው እኛ፣ የትኛው ሳንቃ እንደሚጮኽ አንድ ቀን እንኳ ቆጥረን አናውቅም። እሳቸው ግን ሃያ ስምንቱንም ሳንቃ አንድ በአንድ ያውቁታል። ጠመኔ ሰጠናቸውና አጎንብሰው ምልክት አደረጉልን። የሚጮኹት አሥራ አንድ ነበሩ።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅናቸው። የነገሩንን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናስፍረው።

የአባታቸው ቤት አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ የነበረ፣ ምድሩ ግንብ፣ ፎቁ ጭቃና እንጨት የሆነ፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ የተነጠፈ አሮጌ ቤት ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በከተማው ቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ ታናሽ ወንድማቸው ፎቅ ላይ ተደብቆ ነበር። ታጣቂዎቹ መጥተው ምድር ቤቱን በረበሩ፤ የሚፈልጉትን አላገኙም። እናታቸው ውኃ ሰጧቸው። ጠጥተው፣ ጣሳውን መልሰው፣ ወደ በሩ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት ከላይ ሳንቃው ሲጢጥ አለ።

«ከዚያ በኋላ ወንድሜን አላየሁትም» አሉ ጋሼ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ያ ሳንቃ መላላቱን አባቴ ያውቁ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ 'አንተ፣ ያንን ሳንቃ በምስማር ምታው' ብለውኝ ነበር። ነገ አልኳቸው» አሉን።

ከዚያ ወዲህ የገቡበትን ቤት ሁሉ ወለሉን ሳያጠኑ እንደማያድሩበት ነገሩን። በካርቱም ያደሩበትን ቤት፣ በዚህ አገር መጀመሪያ ያረፉበትን የስደተኞች ማረፊያ፣ ኋላም ይህን። ከመካከላችን አንዱ፣ እንዲህ ካወቁት ለምን እስከ ዛሬ አልጠገኑትም ሲል በየዋህነት ጠየቃቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ያኛውን ሳልመታ ይኼን ልምታ?» አሉት።

በዚያች ሌሊት ሌላ ውይይት አልተደረገም። ምንጣፍም፣ ሕግም፣ ከሥር መንቀልም አልተነሡም። ሳንቃዎቹ ቅዳሜ እንዲመቱ ያለ ድምፅ ቆጠራ ተወሰነ።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ፤ በሥራው የተማርነው ለሌላውም ይጠቅማልና። መሰርሰሪያ ያዋሰን በአናጢነት የሚተዳደር አንድ ወገናችን ነው። አስቀድሞ የነገረን ነገር የሦስተኛውን አቋም ባለቤት አንገት አስደፍቷል፦ «እንጨቱ ጤነኛ ነው። የሚጮኸው ሳንቃ አርጅቶ ሳይሆን መያዣው ላልቶ ነው።» ሳንቃ በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይሟሽሻል። በብርዱ ወራት ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ሲነድ የክፍሉ አየር ይደርቅና በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለው ስንጥቅ ይሰፋል፤ በሞቃቱ ወራት መልሶ ይገጥማል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲረግጠው ሳንቃው ይወርዳል፣ እግር ሲነሣለት ይወጣል፤ በዚህ መውጣትና መውረድ እንጨቱ ከምስማሩና ከጎረቤቱ ሳንቃ ጋር ይፋተጋል። ሲጢጥታው የዚህ ፍትጊያ ድምፅ ነው። በጥር ወር ከሐምሌ ይልቅ የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱም ከበሽታው ይገኛል። በመጀመሪያ ወራጆቹ የት እንዳሉ ማወቅ ያሻል። ለዚህ ወለሉን መፈንቀል አያስፈልግም፤ የአሮጌዎቹ ምስማሮች አናት በመስመር ተሰልፈው ይታያሉ፣ ወራጁም ከእነሱ በታች ነው። በእኛ ክፍል በሰባ አምስት ሳንቲሜትር ርቀት ሰባት ወራጆች ተገኙ። ቀጥሎ ከአሮጌው ምስማር ጎን ሳንቃውን ብቻ የሚበሳ ቀዳዳ ይቀደዳል። ቀዳዳው ብሎኑ በሳንቃው ውስጥ ሳይነክስ እንዲያልፍና ከበታች ያለውን ወራጅ ነክሶ ሳንቃውን ወደ ታች እንዲስበው ያስችላል። ሳንቃው ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ የስድስት ሳንቲሜትር ብሎን ከግማሽ የሚበልጠው አካሉ ወራጁ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ የረዘመ አያስፈልግም። ከወራጅ ውጪ በባዶው ቦታ መብሳት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በሙሊቱ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ሊያልፍ ይችላል። ምስማር በምስማር ላይ መጨመርም ዋጋ የለውም። የላላውን ያላላው ምክንያት አዲሱንም ያላላዋል።

አሥራ አንድ ሳንቃ፣ ሰባት ወራጅ፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ሁለት ብሎን፤ ድምሩ አንድ መቶ ሃምሳ አራት። የመጨረሻውን ጥብቂያ በእጅ፣ በካቻቢቴ አደረግነው፤ በመሣሪያ ሲጠብቅ የብሎኑ አናት አሮጌውን እንጨት ይሰነጥቀዋልና። ሳንቃ ከሳንቃ በሚጋጠምበት ስንጥቅ ውስጥ ሕፃናት የሚቀቡትን ነጭ ፓውደር በብሩሽ አስገባን፤ ፍትጊያውን ያለሰልሰዋል። በግድግዳው ሥር ከወራጁ ተነሥቶ የተንጠለጠለውን አንዱን ሳንቃ ከበታቹ ቀጭን ሽብልቅ አገባንለት። የጀመርነው ቅዳሜ ከጥዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እሑድ መሰርሰሪያ ማስጮህ በዚህ አገር አይፈቀድም። አሮጊቷን አስቀድመን አስታውቀናቸው ስለነበረ ቀኑን እኅታቸው ዘንድ ዋሉ።

ከቀትር በኋላ ጋሼ መዶሻውን ጠየቁን። መዶሻ የምንጠቀመው ወጣ ወጣ ያሉትን አሮጌ ምስማሮች ወደ ውስጥ ለመመለስ ብቻ ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ተንበርክከው አንዲቱን ምስማር ሦስት ጊዜ መቷትና መዶሻውን መለሱልን። ማናችንም ምንም አላልንም።

በሥራው መካከል ከጎጃም የመጣችው ጓዳችን ስለ እናቷ ቤት ያወጋችን ነገር ከአእምሯችን አልጠፋም። የእናቷ ቤት ወለል አፈር ነው፤ አይጮኽም። ነገር ግን ይሰነጠቃል፣ ይቦረቦራል። እናቷም በየሳምንቱ በእበት ይለቀልቁታል፤ ለዓመት በዓል ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። «እናቴ ጥገና የሚባል ነገር አታውቅም» አለች። «ለሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።» ጥገናን ከኑሮ ለይቶ ለነገ የማሳደር ጥበብ የተማርነው እኛ ነን ማለቷ ነበር።

እዚህ ላይ የጋሼን አባት ቤት ፍጻሜ መናገር ይገባል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለድኻው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ታሪክን ማጣመም ነው። ኪራያቸው ከአንድ መቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ጣሪያ የሚያስጠግን አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አልደፈረም። የመንግሥት ነው ሲል ነዋሪው ተወው፤ ነዋሪ አለበት ሲል ባለቤቱ ተወው። ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳንቃው ረገበ፣ ጭቃው ረገፈ። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢዋ አሮጌ ሰፈሮች በልማት ስም ሲፈርሱ፣ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሰፈሮቹ ያረጁና ለኑሮ የማይመቹ ናቸው የሚል ነበር። የጋሼ አባት ቤትም አብሮ ፈረሰ። የፈረሰበትን ምስል በስልካቸው አሳይተውናል፤ የቆመ ነገር የለም፤ ሳንቃዎቹ ባንድ ወገን ተቆልለዋል።

እንግዲህ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን ስናያቸው የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ቤት የሚፈርሰው ዶዘር ሲመጣ አይደለም። መፍረስ የሚጀምረው በውስጡ የሚኖረው ሰው «የእኔ አይደለም» ወይም «ነገ እሄዳለሁ» ያለ ቀን ነው። በቬስትኤንድ ቤት ያለ ጥገና የተወው ሆን ብሎ ለማፍረስ ያሰበው ነጋዴ ነበር፤ በአዲስ አበባ ባለቤትነቱ በመጥፋቱ ምክንያት ማንም ሳያስበው ተተወ፤ በስደት ደግሞ እኛ በገዛ እጃችን፣ በአገር ፍቅር ስም ተውነው። ምክንያቱ ሦስት፣ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ወለልን ማጥበቅ ወደ አገር የመመለስን ተስፋ መክዳት ይመስለን ነበር። የማይጠግን እጅ ግን አገር ሲገባ በድንገት መጠገን አይጀምርም።

ግለ ሂሳችንን እንቀጥል። በዚያ ክፍል ውስጥ የማንረግጣቸው ሌሎች ሳንቃዎችም ነበሩ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመለት ከተባለም በኋላ፣ በእኛ ክፍል ውስጥ አላለቀም ነበር። አንደኛችን የመቀሌ ልጅ ነው፤ ሌላችን የጎንደር፤ ቤተሰቦቻችን ያዩት እንደየአካባቢያቸው የተለያየ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሌላ ሳንቃ ላላ። አንድ ማሰሮ ወጥ እየበላን፣ አንድ ማሞቂያ እየሞቅን፣ የትኛው ቃል እንደሚጮኽ እያንዳንዳችን አጥንተን በዙሪያው እንራመድ ነበር። ይህንንም መከባበር እንለው ነበር። የስልሳዎቹ ተማሪዎች ተከፋፍለው የተለያዩት ጮኸው ነው እንላለን፤ እኛ ዝም ብለን ተለያይተን እንኖር ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ ብቃቱ የለንም። የላላ መገጣጠሚያ በዙሪያው በመራመድ እንደማይጠብቅ ግን በእጃችን አይተናል።

ከጥገናው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ ምሽት፣ ያለ አጀንዳና ያለ ሊቀመንበር፣ ያን ነገር አነሣነው። አልተስማማንም። አንደኛችን እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ወጣና በሹማን ጎዳና ብቻውን ሲዞር ቆይቶ ተመለሰ። ወደ ክፍሉ ሲገባ ወለሉ ዝም ስላለ መመለሱን ያወቅነው ሻይ ሲጥድ ነው። ለአራታችንም ቀዳ። ውይይቱ ገና አላለቀም፤ ቀጥሏል።

አሮጊቷን ባለፈው ወር ደረጃው ላይ አገኘናቸው። ከልባቸው አዝነው፣ «ለቃችሁ ሄዳችሁ መስሎኝ ነበር» አሉን። አለመሄዳችንን ነገርናቸው። በማግሥቱ የፖም ኬክ ላኩልን፤ እኛም ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ዳቦ ጋግረን መለስንላቸው። አሁን አንድ ቅሬታ ብቻ አላቸው፤ ድምፃችን። ስንከራከር ከኮርኒሱ በላይ እንደምንሰማ ገልጸው፣ ምን ላይ እንደምንጣላ ቢያውቁ ደስ እንደሚላቸው ጠይቀውናል። በምን ቋንቋ ከየት እንደምንጀምርላቸው ገና አልወሰንም።

ወለሉ ዝም ካለ ሦስተኛ ወሩ ነው። ጋሼ ግን ዛሬም በግድግዳው ጥግ ነው የሚራመዱት፤ ሦስት እርምጃ፣ አንድ ሰፊ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ጠባብ። ሳንቃው ቢጠብቅም እግራቸው ገና አላመነውም። እንዲያምን አናስገድዳቸውም። ይሁን እንጂ ሌሊት ስንነሣ እንደ ድሮው አንደነባበርም፤ መብራት አብርተን፣ ነቅተው ከሆነ አብረናቸው እንቀመጣለን።

ከገዛነው ሁለት መቶ ብሎን አርባ ስድስቱ ተርፏል። ኮሪደሩ ገና አልተነካም። የሚመጣው ወር የንባብ ክበባችን ስብሰባ በዚሁ ቤት ስለሚደረግ፣ ከሩቅ ከተማ የምትመጡ ጓዶች እንደ ቀድሞው ጫማችሁን በር ላይ እንድታወልቁ አንጠይቃችሁም። ካቻቢቴ ያለው ግን ይዞ ይምጣ።